ቤንዚኑ መቼ ነው የሚፈሰው?

ቤንዚን የሚያፈስ ሞተር ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱንም ይዞ ነው የሚመጣው። «ታንኩ ተቀዷል»፣ «ካርቡሬተሩ አልቋል፣ አዲስ ፈልግልኝ»፣ «ቱቦው ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ»። ጣቱን ወደ አንድ ቦታ ቀስሮ ይቆማል። እኔ ግን ወደ ጣቱ ከማየቴ በፊት የምጠይቀው ነገር አለኝ፦ መቼ ነው የሚፈሰው? እየሠራ ሳለ ነው? ካጠፋኸው በኋላ? አድሮ ነው? ነዳጅ በሞላህ ቀን ብቻ ነው? ይህን ስጠይቅ ነገር የማራዝም፣ ሒሳብም የማስረዝም የሚመስለው ብዙ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤንዚን የሚያሳየን የወጣበትን ሳይሆን የወረደበትን ነው። ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ዕቃ) አፍ የወጣች ጠብታ በሞተሩ ገላ ላይ ተንሸራታ፣ ብሎን ዞራ፣ ሽቦ ተከትላ፣ ከወጣችበት አንድ ክንድ ርቃ ከሻሲው ጫፍ ላይ ጠብ ትላለች። ውሃ ወይም ዘይት ቢሆን እርጥበቱ ይቆይና መንገዱን ወደ ኋላ ትከተለዋለህ። ቤንዚን ግን በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ብዙም ሳይቆይ ይተንና ሽታና ቢጫ ክብ ብቻ ትቶልህ ይሄዳል። ስለዚህ «የት» የሚለውን ብረቱ ይደብቅሃል፤ «መቼ» የሚለውን ግን ከማሽኑ ጋር የሚውለው ሰው፣ መልስ መሆኑን ሳያውቀው፣ ያውቀዋል።

ሰሞኑን ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሎጅ የተጠራሁበት የሣር ማጨጃ ነው። በእጅ የሚገፋው ዓይነት አይደለም፤ እንደ ትንሽ መኪና መሪ ይዘው ተቀምጠው የሚነዱት ነው። ከተማችን ውስጥ ይህን ዓይነቱ ብዙ የለም። አብዛኛው ግቢ በማጭድ ነው የሚታጨደው፤ ከዓባይ መውጫ አካባቢ ደግሞ ማታ ማታ ጉማሬዎቹ ወጥተው ድርሻቸውን ይግጣሉ። (እነሱ ነዳጅ አይጠይቁም፤ መስመር አይጠብቁም እንጂ።) የሎጁ ማሽን ባለ አንድ ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ነው። እንግዳ በጠፋባቸው ወራት ቤንዚን እንደያዘ ቆሞ ከረመ፤ ሥራ ሲቀጥል ማፍሰስ ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ካርቡሬተር ከአዲስ አበባ ሊያስመጣ ወስኖ ነበር፤ የተጠራሁትም ለመግጠም ነበር እንጂ ለመመርመር አልነበረም።

አትክልተኛውን፣ በዕድሜ አባቴን የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ ጥላ ሥር አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ማሽኗ መቼ ነው የምታፈሰው?»

«ሌሊት ነው ልጄ። ቀን ስሠራባት ጠብ አትልም። ሞልቻት ያደርኩ እንደሆነ ግን ጠዋት ሽታዋ ከመጋዘኑ በር ላይ ነው የሚቀበለኝ። ግማሽ ስትደርስ ደግሞ ራሷ ትተወዋለች።»

«ግማሽ ስትደርስ?»

«አዎ። እንግዲህ ቀዳዳው ወገቧ ላይ ሳይሆን አይቀርም።»

ቀዳዳ አልነበረም፤ የታንኩ ፕላስቲክ ከውጭ ደረቅ ነው፣ ስፌቱም ንጹሕ ነው። ግን ጋሼ የተናገሩት ነገር ከየትኛውም መሣሪያዬ ይበልጥ ሠርቶልኛል። የእጅ ማጨጃና የመስኖ ፓምፕ ሞተሮች ታንካቸው አብዛኛውን ጊዜ ከካርቡሬተሩ በላይ ስለሆነ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ተቀምጠው የሚነዱት ላይ ታንኩ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከኋላ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ብዙዎቹ ትንሽ ፖምፓ አላቸው፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በዘይት ቤቱ ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት መለዋወጥ በቀጭን ቱቦ መጥቶ ሽፋኑን እያርገበገበ ቤንዚን የሚስብ። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓው ይተኛል። የሎጁ ማሽን ታንክ ግን ሲሞላ ላይኛው ግማሹ ከካርቡሬተሩ መግቢያ ከፍ ይላል። በዚያ ሰዓት ቤንዚን ፖምፓ አያስፈልገውም፤ ፖምፓው ውስጥ ያሉት ቫልቮች ወደ ፊት ሲሄድ አይከለክሉትም። ግማሽ ሲደርስ ሁለቱ ቁመት ይስተካከላሉ፣ ፍሰቱም ይቆማል። ጋሼ ያዩት ይህንን ነው።

ካርቡሬተር ውስጥ ይህን ቤንዚን ማቆም ያለበት አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከታች ያለው ኩባያ ሲሞላ ፍሎቱ ይንሳፈፋል፤ ሲነሳ ከላዩ ያለችውን ጫፏ ጎማ የሆነ መርፌ ወደ ቀዳዳዋ ይገፋና መንገዱን ይዘጋል። መርፌዋ በደንብ ካልተቀመጠች ሌሊቱን ሙሉ ይሞላል። ሞልቶ ሲያልፍ ሁለት መንገድ አለው፦ በካርቡሬተሩ የአየር አፍ በኩል ወደ ውጭ፣ ወይም በመግቢያው ቫልቭ በኩል ወደ ሲሊንደር። ሁለተኛው ነው ክፉው፤ መሬት ላይ ምንም አይታይማ።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ከላይኛው ምልክት አልፏል። ዘይት በራሱ አይጨምርም። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ በጣቶቼ መሃል ሳሸው እንደ ዘይት አይሳብም፣ እንደ ውሃ ይለቃል። በፒስተኑ ቀለበቶች ጎን ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታል። በዚህ ዘይት ሞተሩን አስነስቶ ሣር ማጨድ ማለት ኮሎውንና (የሚሽከረከረውን ዘንግ) ቢዬላውን (ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያገናኘውን ብረት) በቤንዚን ማጠብ ነው። ጋሼ «ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ታቃስታለች፣ ባትሪው ደክሟል» ያሉትም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል። ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም ፒስተኑ ሊጨምቀው አይችልም፤ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ገፍቶ ገፍቶ ይቆማል። ሰው «ሞተሩ ነከሰ» ብሎ ይደናገጣል፣ ወይ ባትሪ ይገዛል፣ ወይ በሌላ መኪና ባትሪ አስገድዶ ያዞረውና ቢዬላውን ያጣምመዋል። ማድረግ ያለበት ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ፈትቶ፣ የካንዴላውን ሽቦ ብልጭታ ወደማይሰጥበት አርቆ፣ ሲሊንደሩን ባዶ ማድረግ ነበር።

ቤንዚን ወደ ዘይት የሚገባበት ሌላም በር አለ። የፖምፓው ሽፋን ከተቀደደ በዚያች በቀጭኗ የግፊት ቱቦ በኩል በቀጥታ ወደ ዘይት ቤት ይጠጣል። ቱቦዋን ነቅዬ ነጭ ጨርቅ አስገባሁባት፤ ደረቅ ነበረች።  እንግዲህ መርፌዋ ቀረች።

እዚህ ላይ ከማሽኑ ወጣ ብዬ ስለ ቡና ልናገር። መጋዘኑ በር ላይ የወጥ ቤቷ ልጅ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ልትቆላ ስትዘጋጅ ነበር፤ ለእንግዳ፣ ማለትም ለእኔ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ተስቦ ዝቅ ያለውን ቦታ ይሞላል። የከሰል ምድጃ ደግሞ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው። ሜካኒኮቻችን ሲጋራ ሲያዩ ይጮኻሉ፤ ምድጃውን ግን የቤት ዕቃ አድርገን ለምደነዋል፣ እጣኑንም ጨምሮ። «እህቴ፣ ይቅርታ፣ ከዚያ ከዛፉ ማዶ ውሰጂልኝ፤ ቡናውን እዚያ መጥቼ እጠጣለሁ» አልኳት። ትንሽ ቅር አላት። የባትሪውንም ኔጌቲቭ ፈታሁ፣ ማሽኗንም ወደ ደጅ ገፍተን አወጣናት።

ካርቡሬተሩን ሳወርድ ኩባያው ሥር የገረጣ ቡናማ ሙጫ ተጋግሯል። ቤንዚን ለወራት ሲቆም ቀላሉ ክፍል ይተንና ይህን ይተዋል። ፍሎቱን ጆሮዬ አጠገብ ይዤ ነቀነቅኩት፤ ውስጡ ፈሳሽ ቢገባ ይሰማ ነበር፣ አይሰማም። ከዚያ ሁሌም የማደርገውን አደረግሁ፦ ካርቡሬተሩን ገልብጬ፣ በፍሎቱ ክብደት መርፌዋ እንድትዘጋ ትቼ፣ በቤንዚን መግቢያው ላይ ንጹሕ ቱቦ ሰክቼ በአፌ ነፋሁ። መግጠም ያለባት መርፌ ትንፋሽ አታሳልፍም፤ ጉንጭህ ይነፋና ይቀራል። ይቺ ግን «ስስስ» እያለች አሳለፈችው። መርፌዋን አውጥቼ ወደ ብርሃን ሳዞራት ጎማዋ ጫፍ ላይ ክብ ጭረት አለ፤ በጥፍር ሲሄዱበት ያደናቅፋል። ከዚያ ለጋሼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ገፍተው አዩና «ይቺን የምታክል ነገር ናት?» አሉ። ይቺን የምታክል ናት። የጤፍ አገዳ ብትወፍር ነው።

መርፌና ጋስኬት (በመጋጠሚያ መሃል የሚገባው ስስ ንጣፍ) በአንድ ማሸጊያ ተደርጎ ይሸጣል፤ ዋጋው ከሙሉ ካርቡሬተር ጋር አይነጻጸርም። የመርፌዋን መቀመጫ በጆሮ ጥጥ አጽድቼ፣ ማሸጊያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሌላ ሥራ ሠራሁ፦ በታንኩና በፊልትሮው መሃል መዝጊያ ቧንቧ አስገባሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ለሣር ማጨጃ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ አትፈልግ፤ ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል የሚሸጥ ግን በየመንገዱ አለ። የቤንዚን ቱቦ፣ ማጥበቂያ፣ ፊልትሮ፣ መዝጊያ፣ ልኩን ይዘህ ከሄድክ ሁሉንም ከዚያ ታገኛለህ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ግልጹን የውሃ ቱቦ አይስጡህ። ሲገጠም ያምራል፣ ቤንዚኑም ሲሄድ ይታያል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ይቢጫል፣ ይደርቃል፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል።

ስለ ጊዜያዊ መላም ካነሳን አይቀር። በብስክሌት በሚታወቅ ከተማ ውስጥ አሮጌ ከመነዳሪ እንደ ጨርቅ ርካሽ ነው፤ የሚያፈስ ነገር ሁሉ በእሱ ይጠመጠማል። ለውሃ ቧንቧ ግሩም ነው። ቤንዚን ግን ይህን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል፤ ያሰርከው ሰኞ ከሆነ ዓርብ የሚንጠባጠበው ከከመነዳሪው ሥር ስለሚሆን አሁን ደግሞ ከየት እንደሚመጣ አታይም። የልብስ ሳሙና የተሻለ ነው። ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም፤ ታንክ ላይ ያለች የፀጉር ስንጥቅ ላይ ደረቁን ሳሙና አጥብቀህ ብታሸው ጋራዥ እስክትደርስ ያቆምልሃል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል። ማስቲሽ በካርቡሬተር ጋስኬት ፋንታ የሚቀባውን ሰው ግን ምን እንደምለው አላውቅም። ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ ቤንዚኑም ያለሰልሰዋል፤ አንድ ችግር ይዞ መጥቶ ሁለት ይዞ ይሄዳል።

ማፍሰስ ያልሆነ «ማፍሰስ» ደግሞ አለ። «ነዳጅ ትበላለች፣ የሆነ ቦታ ታፈሳለች» ይሉኛል፤ መሬቱ ደረቅ፣ ዘይቱ ልኩን፣ ሽታም የለም። ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል፣ ካንዴላው ሲወጣ ከሰል መስሏል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ከጉልበቱም አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጠፋል። ለከፍታ ቦታ የሚሆን ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጄት (ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ሲገባለት ፍጆታው ይስተካከላል፤ የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም። እዚያ ላይ ቱቦ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ቀን ሞቅ ሲል ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ወደ ታንኩ ክዳን ተመልከት። ክዳኑ ላይ አየር የምታስተነፍስ ቀዳዳ አለች። በአቧራና በሣር ብናኝ ስትደፈን ፀሐይ ታንኩን ያሞቀዋል፣ ትነቱ መውጫ ያጣል፣ ግፊቱ ቤንዚኑን ደህናዋን መርፌ አልፎ ይገፋዋል። ክዳኑን ስትከፍት «ፍስስ» ካለ መልሱ እሱ ነው፤ ክዳን ማጠብ ገንዘብ አይጠይቅም። ዳገት ላይ ብቻ ከሆነም መጀመሪያ ክዳኑንና ጋስኬቱን እይ። በሥራ ላይ ብቻ ከሆነ ከፖምፓው እስከ ካርቡሬተሩ ያሉትን መጋጠሚያዎች በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ የልጆች ጠመኔ ቀባቸው። ነጩ ጠመኔ መጀመሪያ የጠቆረበት ቦታ ነው ምንጩ። ይህ ዘዴ ስንት ክርክር እንደቆረጠልኝ!

ጥቂት ጠብታ ምን ያመጣል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የቤንዚን ጠብታ ከውሃ ጠብታ ታንሳለች፤ ሃምሳዋ አንድ ሚሊ ሊትር ናት እንበል። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ማለት በሰዓት 72 ሚሊ ሊትር፣ በቀንና ሌሊት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ነው። ማደያ ተሰልፎ ላጣ፣ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ለሚገዛ ሰው ይህን ስነግረው ወዲያው ሒሳቡን በሃይላንድ ይሠራዋል። (የሃይላንዱ ቤንዚን ራሱ ብዙ ጊዜ ውሃ ወይ ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ መርፌዋ ሥር ገብቶ እንዳትዘጋ የሚያደርጋት አንዱ እሱ ነው።)

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሎጁ ሣር ወደ ሐይቁ ያዘነበለ ነው፤ መጋዘኑ ከላይ፣ ደንገሉ ከታች። በሰኔ ዝናብ መሬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ መድረሻው ጣና ነው። እንቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ ስለ ጣና ያልተናገረ፣ ያልዘመተ የለም፤ ጥሩ ነው። ግን በየዳርቻው ሽንኩርትና ጫት የሚያጠጡትን የመስኖ ፓምፖች ሄዳችሁ እዩ። ሞተሩ የሚቀመጠው ውሃው ጠርዝ ላይ ነው፤ መሳቢያው አጭር እንዲሆን። ከሥሩ ያለው ጭቃ በጥቁር ቅባት ረጥቧል፤ አጠገቡ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ስስ ሽፋን ተዘርግቷል። እነዚያ ፓምፖች ታንካቸው ከላይ ስለሆነ አደጋቸው ከሣር ማጨጃው ይብሳል፤ ደግነቱ ካርቡሬተሩ ላይ መዝጊያ አላቸው። ማታ ሞተሩን በማብሪያው ከማጥፋት ይልቅ መዝጊያውን ዘግቶ፣ ኩባያው ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ መጠበቅ፤ በቃ። ይህን አንድ ልማድ ያስያዝኩት ገበሬ ደንበኛ ሆኖ አይመለስልኝም፤ ለኪሴ አይጠቅመኝም።

የማሽኗ መርፌ መጥታ ገባች፤ ነፍቼ ፈተንኳት፣ ትንፋሽ አላሳለፈችም። ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀየርን። ታንኩን እስከ አፉ ሞልተን፣ መዝጊያውን ሆን ብለን ክፍት ትተን፣ ከሥሯ ካርቶን አንጥፈን አሳደርናት። ጠዋት ካርቶኑ ንጹሕ፣ የዘይት መለኪያውም ቦታው ላይ ነው።

የወጣው ቤንዚን የጠጣ ዘይት ግን ክርክር አስነሳ። ጋሼ ለአጥሩ እንጨት ይፈልጉታል፤ ምስጥ የተቃጠለ ዘይት አይወድም። «ጋሼ፣ አጥሩ እኮ ውሃው ውስጥ ነው የቆመው። ይሄ ደግሞ ቤንዚን አለበት፣ ክብሪት ቢነካው ይያያዛል» ብላቸው፣ «ከአንተ በፊት ያ አጥር በምን የቆመ መሰለህ?» አሉኝ። በጀሪካን ይዤው ሄድኩ። ደስ አላላቸውም።

በማግሥቱ ከነጋ ደወሉ።

«ልጄ፣ ያቺ ማሽንህ እምቢ አለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች።»

«መዝጊያውን ከፍተውታል ጋሼ?»

«እንዴት እከፍተዋለሁ? አንተ አይደለህ ዝጋው ያልከኝ?»